ብቻቸውን እንዳይበሉ

ውድ እማዬ፤

ፊደል እንዳልቆጠርሽ አውቃለሁ። ወንድሜ ካሳ ከባሕር ዳር ደብዳቤ ሲልክ የማነብልሽ እኔ ነበርኩ፤ አንቺም ስለ ሥራው የጻፈውን አሳልፈሽ «ስለ ጤናው ያለውን ድገሚልኝ» ትዪኝ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ «ልጅቷ ብቻዋን ታወራ ጀመር» ትል ይሆናል። ትበል።

አባባ ካንቺ ጎን ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆናቸው። ለቀብራቸው ከስማዳ የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «የሻረግ ከሞተች ወዲያ መኖር አልሆነላቸውም፤ ሐዘኗ ገደላቸው።» ካሳም ይህንኑ እያለ ደረቱን መታ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እማዬ፣ አባባን የገደላቸው ሐዘን አይደለም። የተራቡ ነው የሞቱት። ልጃቸው ነርስ ሆና በምትሠራበት ቤት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሳህን እየቀረበላቸው ተራቡ። ይህን የሚያውቁት ሐኪሙ፣ ኢስራ የምትባል የሥራ ባልደረባዬና እኔ ነን። አሁን ደግሞ አንቺ።

በታኅሣሥ፣ ሳንባሽ ተዘግቶ በተኛሽ በሁለተኛው ቀን፣ ከንፋስ መውጫ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረስኩልሽ። እጄን ይዘሽ «እድል፣ አባትሽን አደራ። ብቻቸውን እንዳይበሉ» አልሽኝ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። እኔም «እሺ እማዬ፣ አይበሉም» አልኩሽ። ያልሽኝን ማንም ልጅ በሚረዳው መንገድ ነው የተረዳሁት። አርባ አራት ዓመት ከሚስቱ ጋር ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቆርስ ታየኝና አለቀስኩ። አደራሽንም ተቀበልኩ።

አንድ ቃል ብትጨምሪ ምን ነበረበት? «እጃቸው አይነሳም» ብትዪኝ ምን ነበረበት? የባልሽን ገመና ይዘሽ መሞትሽ ያስከብርሻል፤ እኔንም ያስከብረኛል። ግን ተቆጥቼሻለሁ። ይህንንም ሳልጽፈው አላልፍም።

እንደምታውቂው እኔ የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። አባባን እዚያ ባስቀምጣቸው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሊውሉ፣ ምሳቸውንም ብቻቸውን ሊበሉ ነው። አንቺ ደግሞ ያልሽው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አመጣኋቸው። ካሳ በስልክ ጮኸብኝ፤ «ልጆች እያሏቸው መጦሪያ?» አለኝ። «አንተ ጋ ይምጡ?» ስለው የቤቱን ጥበት ነገረኝ። የሀገራችንም ሰው ቢሆን በልቡ ያማን ነበር። እኔ ግን እኮራበት ነበር፤ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ይሆናሉ፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ ብዬ። አደራውን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ነውና። ሠላሳ ስምንት ሰው እንጦራለን፤ ረዳቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ሥራ ስጀምር እርዳታ የሚያገኘው አብዝቶ የሚጮኸው ነበር። ድምፅ ያለው ይታጠባል፣ ይቀየርለታል፤ ዝምተኛው በረጠበ አንሶላ ላይ ይውላል። ደብረ ታቦር ሥልጠና ሄጄ የአቅም መመዘኛ ቅጽ ይዤ መጣሁ። ስድስት ጥያቄ ነው ያለው፦ ሰውየው ራሱን ችሎ ይታጠባል ወይ፣ ይለብሳል ወይ፣ ሽንት ቤት ይሄዳል ወይ፣ ከአልጋው ይነሳል ወይ፣ ሽንቱን ይቆጣጠራል ወይ፣ ይበላል ወይ። ለሚችለው አንድ፣ ለማይችለው ዜሮ ይሰጣል። ስድስት ያመጣ ራሳቸውን የቻሉት ክፍል ይገባል፤ እዚያ ለአሥራ አራት ሰው አንዲት ረዳት ናት። ከስድስት ዝቅ ያለ ያመጣ ሙሉ ድጋፍ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ለአራት ሰው አንድ ረዳት አለ። ለዚህ ቅጽ ከኃላፊው ጋር ተጣልቼበታለሁ እማዬ። አሁንም አምንበታለሁ። በሱ ምክንያት አልጋቸው የደረቀላቸው ሰዎች አሉ።

ሥልጠናው ላይ መምህራችን ደጋግሞ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር። «አትጠይቁ፤ እዩ» ይለን ነበር። «ሽማግሌ ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ የዛሬ አሥር ዓመት የነበረውን ነው።» እኔም ሠላሳ ሰባቱን ሰዎች አይቼ ነው የሞላሁላቸው። ሲታጠቡ አይቻለሁ፣ ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አባባን ግን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሽንት ቤትስ ይሄዳሉ?»

«እግሬ ምን ሆነና!»

«መብላትስ?»

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሰብሰብ አድርገው ሳቁብኝ። «አንቺ ደግሞ! የሚበላው ይታጣል እንጂ መብላት ምን ሥራ አለው?»

ስድስት ከስድስት ሰጠኋቸው። ፈረምኩ። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ የወጣለት ሰው እንደሚደሰተው ተደሰትኩ።

ለምን አላየሁም? ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አባባ ሲበሉ እኔ የእጅ ውኃውን ማሰሮ ይዤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው የምቆመው። አንድ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ቀና ብዬ ሳያቸው «የአባትሽን ጉርሻ አትቁጠሪ» ብለሽ በዓይንሽ ገረፍሽኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአባቴን እጅ ወደ አፋቸው ሲሄድ አላየሁም። ከገበታው የማውቀው ድምፅሽን ነው። «በሞቴ! ይቺን ብቻ! አፈር ስሆን!» ስትዪ እሰማለሁ። በካሳ ሠርግ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስታጎርሻቸው ሰዉ ሁሉ «እነ የሻረግ ሙሽራውንና ሙሽሪትን አስናቁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። አባባም ሳቁ፤ እጃቸው ግን ጋቢያቸው ውስጥ ነበር። አሁን ሳስበው ነው የታወሰኝ።

እኛ ዘንድ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ከአቶ ፈንታው ጎን ተቀመጡ። አቶ ፈንታው ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ ቤት ጆንያ የተሸከሙ፣ ጥርስ የሌላቸው ግን ሆድ ያላቸው ሰው ናቸው። የአባባ ሳህን ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል። የክፍሉ ረዳት ኢስራም በመዝገቡ ላይ «በልተዋል» ብላ ምልክት ታደርጋለች። ያን ያህል ሰው ለብቻዋ ይዛ ሳህኑን እንጂ አፉን ማየት አትችልም፤ ምንም አላጠፋችም። ዐቢይ ጾም ገባ። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ቄሱ ከጾሙ እንዲፈቷቸው አባባን ብለምናቸው ተቆጡኝ። ሲገቡ ሃምሳ አራት ኪሎ ነበሩ፤ በሆሣዕና ሰሞን አርባ አምስት ሆኑ። ጾም ነው አልኩ። ሐዘን ነው አልኩ። ነርስ ነኝ እኮ! ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ጠርቼ ነበር። የአባቴን መክሳት ግን ላንቺ እንዳላቸው ፍቅር ቆጠርኩት፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። እንዲህ የሚወዳት ባል ነበራት ብዬ ለሰው አወራሁ።

ከፋሲካ በኋላ በዋለው ረቡዕ ኢስራ መድኃኒት ክፍል ድረስ መጣችብኝ።

«እቴ እድል፣ አባባ ቁርሱንም ምሳውንም እምቢ አሉ። አቶ ፈንታው ዛሬ አሟቸው ተኝተዋል፤ እሳቸው ስለሌሉ ይሆን? ብዬ ብጠይቃቸው ጾም ነው አሉኝ። እኔ የእናንተን ጾም ስለማላውቀው ሳህኑን አነሳሁት።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

የያዝኩት ብልቃጥ ከእጄ ወደቀ። በዓለ ሃምሳ ነው እማዬ! በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። አጽዋማቱን በጣታቸው ቆጥረው ለመንደሩ ሁሉ የሚናገሩ፣ ካህን እንኳ ሲሳሳት የሚያርሙ ሰው ይህን አይስቱም። አባባ ዋሹ። በዕድሜያቸው ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ማታውን ራት ሲቀርብ ከወጥ ቤቱ መስኮት ኋላ ቆምኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡና ወደ ሳህኑ ላኩት። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ እንጀራውን ነካው እንጂ አልያዘውም። በግራ እጅ አይበላምና በግራቸው የቀኙን አንጓ ይዘው ሊያነሱት ሞከሩ፤ ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩ። ማንም እንዳላያቸው ሲያረጋግጡ ጎንበስ ብለው በከንፈራቸው ከሳህኑ አነሱ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀመጡት።

በማግስቱ አቶ ፈንታውን አልጋቸው ላይ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አልደበቁኝም።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ‹ብላልኝ፣ ልጄ ሳህኑን ሞልቶ ስታይ እንዳታዝን› አለኝ። እንጀራ የማያሰኘው መስሎኝ... እኔ ደግሞ ብላ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም።»

ቅጹን አውጥቼ ስድስተኛዋን ቁጥር ሰረዝኩና ዜሮ ጻፍኩ። የቀየርኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት ወደ ሙሉ ድጋፍ ክፍል ገቡ። ያች ዜሮ በጥር ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ፤ ይህን ሐኪሙም አልካደኝም።

አሁን ይበላሉ ብለሽ ተስፋ አድርገሽ ይሆናል። እኔም አድርጌ ነበር። ሽርጤን ታጥቄ፣ ጓንቴን አድርጌ፣ ሾርባ በማንኪያ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። «አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አልኳቸው። ጥርሳቸውን ነከሱ። ኢስራ ሞከረች፤ ሌሎቹም ሞከሩ። ሆስፒታል ወስጄ ግሉኮስ አስተከልኩላቸው፤ መለስኳቸው። አንዳንድ ቀን ሦስት ማንኪያ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሾርባው አገጫቸው ላይ ሲፈስ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባቸው። በአባቴ ላይ ጮኽኩ እማዬ።

«እማዬ ስታበላዎት ይበሉ አልነበር? እኔ ምን አደረግኩዎት?»

 ከዚያ ቀስ ብለው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«እናትሽ አጉርሳኝ ታውቃለች እንጂ አብልታኝ አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ገብስ ሲታጨድ፣ ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ። ማታ ራት ላይ ጉርሻው ከጣታቸው አመለጠ። አንቺ የወደቀውን እንዳላየሽ ሆነሽ ሌላ ጠቅልለሽ «በሞቴ!» አልሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጉርሻ ካንቺ እጅ ሆነ። አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለራስሽ። የራስሽን ስትጎርሺ የሳቸውን እጅ ካንቺ እጅ ላይ አድርገሽ ታነሺው ነበር አሉኝ፤ ያጎረሱሽ እንዲመስል። «ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን አውርተን አናውቅም» አሉ። «አንድ ቀን። እኔም አመሰግንሻለሁ አላልኳትም። ብላት ነገሩ እርዳታ ይሆን ነበር።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንግዲህ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ። የጎደለኝ አንድ ቃል ነው። ግን እሷን ቃል ማውጣት አቃተኝ። በሞቴ! ያንቺ ቃል እኮ ነበረች። አንቺ ደግሞ ሞተሻል። ከአፌ ልትወጣ ስትል አፈር ሲጫንብሽ ይታየኝና እንደገና ማንኪያውን አነሳለሁ። በዚህ ስንፍናዬ አራት ቀን አለፈ። አራት ቀን ለሳቸው ብዙ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አባባ ያሉኝን የነገርኳት ኢስራ ምሳቸውን ይዛ ገባችና ማንኪያውን ከትሪው ላይ አንስታ ኪሷ ከተተችው። «እቴ፣ ጓንቱን አውልቂው» አለችኝና በሩን ዘግታ ወጣች።

አወለቅኩት። ሽርጡንም ፈታሁ። አልጋቸው ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ሳህኑን በመካከላችን አደረግኩ። መጀመሪያ ራሴ ቆርሼ በላሁ፤ አጣፍጬ በላሁ፤ ያዩኝ ነበር። ከዚያ በሹሮ አርሼ ጠቀለልኩና «በሞቴ አባባ» አልኳቸው። ድምፄ ተሰበረ። ግን አልኩት።

አፋቸውን ከፈቱ።

አራት ጎረሱ እማዬ። አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለእኔ፣ እንዳንቺው። ከአራት በላይ አቅም አልነበራቸውም። በማግስቱ ሦስት ጎረሱ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ሐኪሙ ሳንባቸው ነው አለ፤ «ገላቸው የሚከላከልበት ነገር አልቀረውም» አለኝ። በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት፣ ዐረፉ።

ሥራዬን አለቅም። ካሳ ልቀቂ ይለኛል፤ እኔ ግን ነገ እገባለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ሦስት ቀን አብሬ እበላለሁ፤ ይህን ለኃላፊው ነግሬ አስፈቅጃለሁ። ልቆጭ እንጂ ልጽናና ብዬ አይደለም የነገርኩሽ። ይቅር በዪኝም አልልሽም፤ አንቺ ቶሎ ይቅር ስለምትዪ አይጠቅመኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ለኢስራም አልነገርኳትም። በመጀመሪያው ቀን፣ አራተኛውን ጉርሻ ከዋጡ በኋላ፣ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። ወደ ሳህኑ ላኩት፤ ከስንት ሙከራ በኋላ ትንሽ እንጀራ ያዙ። «በሞቴ» አሉኝ። እጄን ከእጃቸው ሥር ማድረግ ነበረብኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩና ባለሁበት ቀረሁ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፤ ደረታቸው ጋ ሲደርስ እንጀራው ቀሚሴ ላይ ወደቀ። አባባ አላዩትም፤ ዓይናቸው እኔ አፍ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ አፌን ከፈትኩላቸው። ባዶ ጣታቸው ከንፈሬን ነካኝ። አላመጥኩ፤ ዋጥኩም።

«ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

«ጣፈጠኝ አባባ።»

እማዬ፣ በዕድሜዬ ካባቴ እጅ የጎረስኩት እሱን ብቻ ነው። ምንም አልነበረበትም።

ልጅሽ እድላዊት
ንፋስ መውጫ፣ ሰኔ